ሞተር አጥፉ

ሃልቫር የሥራ ዘመኑን የጨረሰው ሰውን «ሞተር አጥፉ» እያለ ነው። በተራሮች መካከል የገባውን ጠባብ ባሕር፣ ፊዮርዱን፣ በሚያቋርጠው መኪና አሻጋሪ መርከብ ላይ ቢጫ ካፖርቱን ለብሶ ይቆማል። አንዱን መኪና ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ፣ ጭነት መኪናውን ወደ መሀል እየመራ ያስገባል፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ደግሞ በየመስኮቱ እየዞረ «ሞተር አጥፉ!» ይላል። ሰው ምክንያት አያጣም። አንዱ በረደኝ ይላል፣ አንዷ ሕፃን ይዣለሁ ትላለች፣ ሌላው ካጠፋሁት አይነሣልኝም ብሎ ይለማመጣል። ሃልቫር ግን ወይ ፍንክች! ቁልፉ እስኪዞር ድረስ ከመስኮቱ ሥር አይነቃነቅም ነበር።

ድልድዩ ተሠርቶ መርከቡ ከቀረ፣ እሱም ጡረታ ከወጣ ቆየ። አሁን በሰባ ሦስት ዓመቱ ደጅ ቆሞ ሲያዳምጥ አገሩ በሙሉ ቃሉን ሰምቶታል። የጎረቤቱ መኪና ሲወጣ ድምፅ የለውም። ፖስተኛዋ መጥታ ስትሄድ አትሰማም። የቆሻሻ መኪናው እንኳን እንደ ሌባ ኮቴውን አጥፍቶ ነው የሚመጣው። ሁሉም ኤሌክትሪክ ሆኗል። ያን ሁሉ ዘመን ሲጮህለት የኖረው ነገር ሲፈጸምለት ግን ሃልቫር ደስ አላለውም፤ እንዲያውም እንደ ስድብ ቆጠረው። ሰው ሲባል እንዲህ ነው፣ የለመነውን ሲሰጡት ያኮርፋል።

በመንደሩ የቀረችው አንዲት ዲዝል የእሱ አሮጌ ፔጆ ነበረች። ጠዋት ስትነሣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ከዚያ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ጥቁር ጢሷን ለጎረቤት ታድላለች። ዳገት ላይ ስትሆን ድምፅዋ ከወዲያ ማዶ ይሰማል። «ሃልቫር መጣ» ይባላል በአንዱ ቤት። «ሃልቫር መጣ፣ ልብሱን ከገመድ ላይ አውርዱት!» ይባላል በሌላው።

በዚያ ዓመት በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ፔጆዋ የቴክኒክ ምርመራ ወደቀች። ሥሯ ገብቶ ያያት መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና፣ «በይድልኝ እንዳትለኝ ሃልቫር፣ ብየዳ የሚይዝበት ብረት የላትም። አሁን አንድ ላይ የያዛት ቀለሟ ነው» አለው። ከወሩ መጨረሻ በኋላ መንገድ ላይ ከተገኘች ታርጋዋ ይፈታል። ሃልቫር አልተከራከረም። ባሕሩም ጨው ነው፣ በበረዶ ጊዜ መንገዱ ላይ የሚበተነውም ጨው ነው፤ እሷንም እሱንም እኩል ሲበላቸው ኖሯል።

መኪና የማያረጅበት ሰው የለም፣ ይሄ ለማንም ይደርሳል። የሃልቫር ጭንቀት ሌላ ነበር። የፔጆዋ ድምፅ፣ ሚስቱ ባሏን የምታውቅበት የመጨረሻው ነገር ነው።

ሲኖቬ ዳገቱ ላይ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ማስታወስ ቀስ በቀስ ነው የከዳት፤ መጀመሪያ የሳምንቱን ቀናት፣ ከዚያ የልጅ ልጆቿን ስም፣ በመጨረሻ የባሏን ፊት ወሰደባት። ሃልቫር በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሊያያት ይሄዳል። ፔጆዋ ጠማማውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያጓራች መውጣት ስትጀምር ሲኖቬ ከወንበሯ ብድግ ትላለች፣ ፀጉሯን በእጇ ታስተካክላለች፣ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። «መጣ! ድንቹን ጣዱ!» ትላለች ለነርሶቹ። እሱም መኪናውን ሲያቆም ቀና ብሎ ያያታል። እጇን ታወዛውዝለታለች፣ እሱም ያወዛውዝላታል።

ደረጃውን ወጥቶ፣ በሩን አንኳኩቶ ሲገባ ግን እንግዳ ነው። «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ትለዋለች በትሕትና። «ባለቤቴ አሁን ደርሷል፤ መኪናውን እያቆመ ነው።» እሱም ይቀመጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሱን ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ይሄ ነገር አንጀቱን ይቆርጠው ነበር። በኋላ ለመደው። ከመስኮቱ እስከ በሩ ያለችውን ያቺን አጭር ጊዜ ይዞ መኖርን ተማረ፤ እዚያች ላይ አሁንም ባል ነው፣ እጅ ይወዛወዝለታል፣ ድንች ይጣድለታል። ብዙ ባሎች ጤነኛ ሚስት ይዘው ይሄን አያገኙም ብሎ ራሱን ያጽናናል።

የተዋወቁትም እዚያው መርከብ ላይ ነው። እሷ ያኔ ማዶ ካለው የወተት ፋብሪካ ትሠራ ነበርና ጠዋት ጠዋት በአባቷ አረንጓዴ ቮልስዋገን ትሻገራለች። ሃልቫር ሁልጊዜ የመጨረሻው ቦታ ላይ ያቆማታል። መጨረሻ የገባ መጨረሻ ይወጣል፣ መጨረሻው ቦታ ደግሞ እሱ ከሚቆምበት፣ ከመርከቡ የኋላ መዝጊያ ሰንሰለት አጠገብ ነው። እሷ ላይ ወጥታ ከካፌው ሁለት ስቬለ ትገዛለች፤ ያንን የመርከብ ወፍራም ለስላሳ ቂጣ፣ ቡናማ አይብ በውስጡ ታጥፎ። አንዱን እዚያው ትበላለች፣ ሌላውን በወረቀት ጠቅልላ ታች ትወርድለታለች፤ እሱ በሥራ ሰዓት ከመኪኖቹ መለየት አይችልማ። ሃልቫር ይሄን ብልጠቱን፣ እንዴት አድርጎ ከኋላ እንዳስቀራትና እንዳጠመዳት፣ በሠርግም በልደትም በገናም ሲያወራ ኖሯል። ሲኖቬ ፈገግ ብላ ዝም ትላለች።

አሁን ስቬለው የሚሸጠው ድልድዩ ሥር ካለ ኪዮስክ ነው። ሃልቫር ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ይዞላት ይሄዳል። አንዱን ትበላለች። ሌላውን ጠቅልላ «ለባለቤቴ ነው» ብላ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። ሰኞ ሲደርስ ነርሷ ቶርዲስ የደረቀውን አውጥታ ትጥለዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ሃልቫር ቢሆን «ስጪኝ፣ እኔ ነኝ ባለቤትሽ» ይል ነበር፤ ብሏትም ያውቃል፣ ደንግጣ መሳቢያውን በጀርባዋ ጋረደችው። ከዚያ ወዲህ አልሞከረም።

ከዚህ ሁሉ አንዱንም ለልጁ ለኢንጉን አልነገራትም። ኢንጉን በርገን ከተማ ትኖራለች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን ችግር የነገሯት እንደሆነ መፍትሔ ሳትሰጥ እንቅልፍ አይወስዳትም። የፔጆዋን መውደቅ በሰማች በሳምንቱ ዓርብ ከተፍ አለችና አባቷን ይዛ ከተማ ወዳለው መኪና መሸጫ ወረደች።

ሻጩ ዩስታይን የሚባል ሎጋ ወጣት ነው። ሃልቫርን ገና ሲያየው ሳቅ አለ።

«እርስዎን እኮ አውቅዎታለሁ። አያቴ እስኪሞት ድረስ ሲያማዎት ነው የኖረው።»

«ደግሞ ምን አደረግሁት?»

«መርከቡ ላይ ሞተር አስጠፍተውት በኋላ አልነሣ አለው። አገር ሲያየው ተገፍቶ ወጣ።»

«ሰማያዊ ኦፔል!» አለ ሃልቫር ዓይኑ በርቶ። «ምን አገር ያየዋል፣ ብቻዬን ነኝ የገፋሁት። ወገቤን ያመመኝ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። አንተ የልጅ ልጁ ካሣ የምትከፍለኝ ከሆነ ዋጋ ቀንስልኝ።»

«አባዬ፣ ወደ ጉዳዩ» አለች ኢንጉን።

ወደ ጉዳዩ ገቡ። አንድ ግራጫ መኪና ፊት አቆማቸው። ዩስታይን ስለ ባትሪው ተናገረ፣ ቤት ግድግዳ ላይ ስለሚሰካው ቻርጀር ተናገረ፣ በብርድ ጊዜ መቀመጫውና መሪው እንደሚሞቅ ተናገረ። ሃልቫር በሩን ከፍቶ ዘጋ። የተሳፋሪውንም በር ከፍቶ ዘጋ፤ የፔጆዋ የተሳፋሪ በር በዝገት ተጣብቆ መከፈት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታልና ይሄኛው ሲከፈት ትንሽ ቆይቶ ተመለከተው።

«እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ» አለ ዩስታይን። «አንዱ ግዢ ነው። ሌላው ሊዝ ነው፤ በየወሩ እየከፈሉ ሦስት ዓመት ይነዱታል፣ ሲሞላ ቁልፉን መልሰው ይሄዳሉ። ባትሪው ደከመ፣ ዋጋው ወረደ፣ የእርስዎ ራስ ምታት አይደለም።»

«ሊዝ ነው የሚሻለው» አለች ኢንጉን ከአፉ ነጥቃ።

«ማን ጠየቀሽ?»

«አባዬ፣ እስቲ ረጋ ብለህ አስበው። መግዛት ምን ያደርግልሃል? ሦስት ዓመት ትነዳዋለህ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያኔ እናያለን።»

«ምኑን ነው የምናየው?»

ኢንጉን ዓይኗን ወደ ግራጫው መኪና መለሰች።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለ ሃልቫር። «መልስ የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም። ፔጆዋን መልስ ያለኝ የለም። ጀልባዬን መልስ ያለኝ የለም። እናትሽንም ቢሆን መልስ ብሎ የሰጠኝ የለም።»

«አሁን እማዬን ምን አመጣት?»

እናቷን ያመጣት ሦስት ዓመት የሚለው ቃል ነው። በገና ሰሞን ሐኪሙን ስንት ጊዜ ይቀራታል ብሎ ሲጠይቀው፣ ሐኪሙ የገዛ ጣቶቹን እያየ «ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት» ብሎታል። አሁን ደግሞ ይሄ ሎጋ ልጅ ያንኑ ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍሮ ፈርምበት ይለዋል። ከፈረመበት በገዛ እጁ ቀኗን የቆረጠ መሰለው። የገዛ ሰው ግን ቀን አይቆጥርም፤ ይገዛል፣ ይነዳል፣ በቃ። ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር መኪና መሸጫ ውስጥ ቆሞ እንዴት ይነገራል?

«ድምፁስ?» ብሎ ወሬውን ቀየረ።

«ድምፅ የለውማ! ውበቱ እሱ አይደል!» አለ ዩስታይን። «ብቻ ቀስ ሲል፣ እግረኛ እንዲያውቀው፣ ትንሽ ያዜማል።»

«አሰማኝ እስቲ።»

ዩስታይን ገብቶ መኪናውን ትንሽ ወደፊት አስኬደው። ኡ‑ው‑ው የሚል ቀጭን ድምፅ ወጣ። ሃልቫር አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ይሄ እኮ የጥርስ ሐኪም ቤት ድምፅ ነው» አለ። «ሰው ይሸሸዋል እንጂ መስኮት ላይ አይወጣለትም።»

«መስኮት ላይ የሚወጣው ማን ነው?» አለች ኢንጉን።

«ማንም።»

ልጁ ሻጭ ነውና ነገሩ እንዳልበሰለ ገባው። «እስከ ሰኞ ይውሰዱትና ይሞክሩት» አለ። «ሰኞ ሲመጡ ሊዝ ወይም ግዢ ይሉኛል።» ኢንጉንም አባቷን ቤቱ አድርሳ፣ ስልኩን ከአዲሱ መኪና ጋር አገናኝታ፣ «ነገ ከሰዓት እደውላለሁ፣ ወስነህ ጠብቀኝ» ብላው ወደ በርገን ተመለሰች።

ሃልቫር ግን የራሱ ዘዴ ነበረው። አመሻሹ ላይ ጋራዡ ገብቶ ፔጆዋን አስነሣት። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፣ ስልኩን ወደ ውስጥ ዘርግቶ፣ ድምፅዋን ቀዳ። ነዳጅ እየሰጠ በዳገት ድምፅዋ፣ ነዳጅ እየቀነሰ በቁልቁለት ድምፅዋ። ጢሱ ዓይኑን አቃጠለው። ቢያንስ ማንም ቢጠይቀው ጢሱ ነው ያቃጠለኝ ይል ነበር። «አይዞሽ» አላት ክዳኑን ሲዘጋ፣ «አንቺ ብትቀሪ ድምፅሽ ይሠራል።»

ቅዳሜ ሁለቱን ስቬለ ከኪዮስኩ ገዝቶ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠና ዳገቱን ጀመረ። መኪናው ያለ አንዳች ልፋት ይወጣል። ጠማማው ጋ ሲደርስ መስኮቱን አወረደ፣ ስልኩን መጨረሻ ድምፅ ላይ አድርጎ በክንዱ ወደ ውጭ ዘረጋው። ከስልኩ የወጣው ግን ፔጆዋ አይደለችም። ዓሣ ሲጠበስ የሚሰማው ድምፅ ነበር። በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አንዲት አሮጊት፣ «ያንን ሬዲዮ አጥፋው! ጣቢያውን አልያዘልህም!» ብለው ጮኹበት።

ቀና አለ። መስኮቱ ባዶ ነው። መጋረጃው አለ፣ የአበባ ማሰሮው አለ፣ እሷ የለችም። ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ከታች ጀመረ፤ እንደገና ዓሣው ተጠበሰ። መስኮቱ ያው ባዶ ነው። ሃልቫር ስልኩን አጥፍቶ መሪውን እንደያዘ ተቀመጠ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ያንን መስኮት ባዶውን አይቶት አያውቅም ነበር።

ሲገባ ሲኖቬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቶርዲስ ነካ ያልተደረገ የምሳ ሳሕን ይዛ በሩ ጋ አገኘችው።

«ምን እንደሆነች እንጃ» አለችው በሹክሹክታ። «ከቅድም ጀምሮ ጆሮዋን ጥላ ታዳምጣለች። እህል በአፏ አልዞረም።»

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለችው ሲኖቬ፣ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ ባለቤቴ አልመጣም።»

«ይመጣል።»

«አይ፣ እሱ ቀርቶ አያውቅም። አንድ ነገር ሆኖ ነው።»

ሃልቫር አልቻለም። እጇን ያዘና፣ «እኔ ነኝ እኮ ሲኖቬ። ሃልቫር ነኝ። ይኸው መጥቻለሁ» አላት።

ፊቱን አየችው፣ ክፋት በሌለው ዓይን፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንደሚታይ አድርጋ። እጇን ቀስ ብላ አወጣች። «አይ» አለችው፣ «እሱ እንኳን ወጣት ነው።»

እዚያው ተቀምጦ ሰኞን አሰበ። ቁልፉን ወርውሮላቸው ይመለሳል፤ ሊዝም ግዢም አይልም። ፔጆዋን በድብቅ ይነዳታል። ታርጋ ከፈቱ ይፍቱ፣ ከቀጡም ይቅጡ። እየዛገች መንገድ ላይ እስክትበተን ድረስ ይነዳታል። ሽማግሌ ሲናደድ የሚያስበው ሁሉ ልክ ይመስለዋል።

ቶርዲስ ናት ያባነነችው። «ቀኑ ብራ ነው» አለችው። «ለምን በመኪና ትንሽ አያናፍሷትም? አሁን በሩ የሚከፈት መኪና ይዘዋል አይደል?»

ሃልቫር ወደ ሲኖቬ ዞረና፣ «ባለቤትዎን ሄደን እንፈልገው?» አላት። ካፖርቷን ለመልበስ ሰው አላስፈለጋትም።

መኪናው ውስጥ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ ተቀመጠች። «ወዴት ነን?» አለች። «ባለቤትዎን ፍለጋ» አላት። «ወዴት ነን?» አለች እንደገና። ዳገቱን ወረዱ፣ ኪዮስኩን አለፉ። ሃልቫር የት እንደሚወስዳት አላሰበም ነበር፤ መንገዱ ራሱ ወደ ድልድዩ አወጣቸው። ያንን ድልድይ ሃልቫር ወዶት አያውቅም። የተከፈተ ዕለት መንደሩ በሙሉ ኬክ ቆርሶ፣ ማርሽ ባንድ አሰልፎ ሲጨፍር እሱ መርከቡ ላይ የመጨረሻውን ገመድ ሲያስር ነበር።

ግራጫው መኪና ድልድዩ ላይ ወጣ። በግራም ውኃ፣ በቀኝም ውኃ ሆነ። የድልድዩ መጋጠሚያ ከጎማው ሥር ዱም… ዱም… ይላል፣ ሩቅ ያለ፣ ከወለል በታች የሚመታ። ሌላ ድምፅ የለም። የሲኖቬ ጣቶች ከቦርሳው ላይ ሲላሉ ሃልቫር በዓይኑ ጠርዝ አየ።

«ባሕሩ ዛሬ ረግቷል» አለች።

«አዎ፣ ረግቷል።»

ወደ እሱ ዞር አለችና፣ «ሞተሩን አጥፍተዋል አይደል?» አለችው።

ሃልቫር ወዲያው አልገባውም።

«ካላጠፉ እሱ ይቆጣል» አለች። «ሰው አይለይም፣ ቄሱንም ተቆጥቷቸዋል።»

«እሱ ማን?» አለ ሃልቫር።

«ሃልቫር ነዋ! ቢጫ ካፖርት የለበሰው።» ፈገግ አለች። «አያውቁትም? እንግዳ ነዎት መሰለኝ።»

ሞተሩ ጠፍቶ የሚሄድ መኪና በሕይወቷ የምታውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ መርከብ ላይ። ሃልቫር እግሩን ከፔዳሉ ላይ አላላ። መኪናው ቀስ አለ። ከኋላው ሌሎች መኪኖች ደረሱ፣ እነሱም ቀስ አሉ፤ ጥሩምባ የነፋ የለም፣ እዚህ አገር ማንም አይነፋም። በመስታወቱ ሲያያቸው አንድ በአንድ ተሰልፈው፣ ሞተራቸውን ሁሉ አጥፍተው፣ ልክ እንደ ድሮው ይከተሉታል።

«አውቀዋለሁ» አላት። «አንድ ቆንጆ ልጅ ሁልጊዜ መጨረሻ ያስቀራል ይባላል፣ ሊያዋራት።»

ሲኖቬ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማ ስንት ጊዜው ነው!

«እሱ እንደዚያ ነው የሚመስለው» አለችና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ለማንም አይንገሩብኝ። እኔ ነኝ የምቀረው። ላይ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ዛፍ ሥር መኪናዬን አቁሜ፣ ሁሉም ገብቶ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን መርከቡ ጥሎኝ ሊሄድ ነበር!»

ሃልቫር ሃምሳ ዓመት ያወራው ብልጠት በአንድ ጊዜ ከእጁ ወጣ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ኪሣራ ደርሶበት አያውቅም። በሠርጉም በልደቱም በገናውም ፈገግ ብላ ዝም ያለችው ይሄንን ይዛ ነው ለካ! አለቀሰ፤ ጢስ በሌለበት መኪና ውስጥ ምንም ማመካኛ ሳይኖረው አለቀሰ። መኪናውን ግን ቀጥ አድርጎ ይዞታል።

ድንገት ከጣሪያው ላይ የኢንጉን ድምፅ ጮኸ። የስልኩ ጥሪ በመኪናው ድምፅ ማጉያ መጥቶ ነው።

«አባዬ! ወሰንክ?»

ሲኖቬ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። «ካፒቴኑ ነው?»

«አዎ፣ ካፒቴኗ ናት» አለ ሃልቫር።

«ማን ናት እሷ? እማዬ ናት? የት ናችሁ?»

«መርከብ ላይ ነን።»

«የምን መርከብ? አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ሊዝ ይሁን» አለ ሃልቫር።

«ትናንት እኮ መልስ የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም ብለህ ልጁን አሳቀቅኸው!»

«ትናንት ሞተር አላጠፋሁም ነበር፣ ምን እንዳልኩ አልሰማሁም። ሦስት ዓመት ነው ያላችሁኝ አይደል? ይሁን። ሲያልቅ እመልሳለሁ።»

እውነቱን ነው። ያ ቁጥር ትናንት የሞት ቀጠሮ መስሎት ሸሸው። አሁን ሲያስበው ሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ቅዳሜ አለ! ስንት ጊዜ ይሻገራሉ! ሲኖቬን መልስ ብሎ የሰጠው የለም ያለውም ውሸት ነበር፤ ሁሉም ሰው የተሰጠው እንዲመልስ ነው። እስኪመልስ ድረስ ግን ይነዳል። ለኢንጉን «ካፒቴን ሥራ ላይ አያወራም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ማዶ ደረሱ። የድሮው ወደብ ከታች ታየ፣ ድንጋዩን ሣር ውጦታል። ሃልቫር መኪናውን ዳር ላይ አቆመው። ተከትለውት የመጡት መኪኖች አንድ በአንድ አልፈውት ሄዱ፣ እሱ የመጨረሻ ሆኖ ቀረ።

ሲኖቬ ዳሽቦርዱ ላይ ያሉትን ስቬለዎች አየች። አንዱን ወስዳ በላች፤ ረኃቧ አሁን ነው የመጣው፣ ፍርፋሪውን ሳይቀር ከቀሚሷ ላይ ለቅማ በላች። ሁለተኛውን አነሣችና በወረቀቱ አስተካክላ ጠቀለለችው። ሃልቫር ቦርሳዋ ውስጥ ልትከተው ነው ብሎ ጠበቀ። ሲኖቬ ግን ወደ እሱ ዘረጋችለት።

«እርስዎ ወደ ታች የሚወርዱ ከሆነ ይሄን ለሃልቫር ይስጡልኝ» አለችው። «ሰንሰለቱ ጋ ነው የሚቆመው። ሥራ ላይ ስለሆነ መውጣት አይችልም።»

ሃልቫር በሁለት እጁ ተቀበላት። «እሰጠዋለሁ።»

«ሳይደርቅ እንዲበላው ይንገሩት።»

ወረቀቱን ፈታው። አይቡ ፀሐይ ነክቶት ለስልሷል። ሲኖቬ የማዶውን ውኃ እያየች ነው። በሁለት ጉርሻ ከግማሽ በላይ ጨረሰው።

«ደረሰው?» አለች ፊቷን ሳትመልስ።

አፉ ሙሉ ነበር። እንደዚያው ሆኖ፣ «ደረሰው» አላት።